የቪዲዮ ቤቱ አስተርጓሚ

ልጄ ጌም ውስጥ የሚያስገባውን መነጽር ዓይኔ ላይ ሲያጠልቅልኝ የጋለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ያ ሽታ ወዳደግኩባት ከተማ ወደ መቱ መለሰኝ፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ወደሚደበድበው ቪዲዮ ቤት።

ሴት ልጅ እዚያ መግባቷ ነውር ስለነበር የወንድሜን ጃኬት ለብሼ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቤ ስቤ ነበር የምገባው። እናቴ ብታውቅ አለቀልኝ፤ ግን የካራቴ ፊልም አያስችለኝም።

አንድ ቀን ያየነው ፊልም ርካሽ ነገር ነው። ሰውየው ጥቁር ሄልሜት ያጠልቅና ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ይደባደባል፤ እዚያ ከሞተ እዚህም ይሞታል። የሚተረጉሙልን ከጦር ግንባር የተመለሱት ጋሼ ደሳለኝ ነበሩ። እንግሊዝኛ እንደማይችሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ማይኩን ይዘው አንዴ በአማርኛ አንዴ በኦሮምኛ ሲተርኩ ከፊልሙ ይበልጡ ነበር።

በመጨረሻ ሰውየው ሄልሜቱን አውልቆ ሚስቱን አቀፈ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

«አታጨብጭቡ!» አሉ ጋሼ በማይኩ። «አልወጣም። የወጣ መስሎት ነው።»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ከፊት ስለነበርኩ እሳቸው እንዳልሳቁ አየሁ። ሰው ሲበተንም ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው በሩን ያያሉ። ሳልፍ ክንዴን ያዙኝ፤ ከኮፍያው ስር ሴት መሆኔን ለይተዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ውጭ የሚንኳኳው ምንድን ነው?»

«ዝናብ ነው፣ ጋሼ።»

«ተኩስም መጀመሪያ እንደዚያ ነው የሚመስለው» አሉኝ።

ልጄ መነጽሩን አወለቀልኝ። ሳሎኑ እንዳለ ነው። ውጭ ዝናብ ጀምሯል።

«እማ፣ ወጣሽ!» ብሎ አጨበጨበልኝ።

«አታጨብጭብ» አልኩት።