ሠላሳ ሰባተኛው ገጽ

በሙያዬ ዝም አሰኚ ነኝ። መካኒሳ አቦ አካባቢ ባለች አንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቀኑን ሙሉ «እሽሽ» ስል እውልና ሥራ ስጨርስ የዋጥኩትን ወሬ ሁሉ ብሎጌ ላይ እዘረግፈዋለሁ። የምጽፈው ጠዋት ጠዋት ጀሞ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ በስልኬ ነው። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ጽሑፌም ይረዝማል።

ስሜን አልጽፍም ነበር። አንባቢዎቼ ብዙዎቹ እንደኔው ሰው ዝም ሲያሰኙ የሚውሉ የሌላ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ናቸው። ስድስት ደብተር በስድስት ወንበር ላይ አስቀምጦ ለማይመጡ ጓደኞቹ ቦታ ስለሚይዘው ተማሪ ጽፌያለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ ብቻ እየመጣ አንድም መጽሐፍ ነክቶ ስለማያውቀው ጎልማሳም ጽፌያለሁ። ከሁሉ በላይ የተወደደልኝ ግን ስለ አለቃዬ የጻፍኩት ነው።

አለቃዬን ጋሼ ነው የምላቸው። ከጠረጴዛቸው ጀርባ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን አላቸው፤ ቁልፉ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አይወጣም። ውስጡ ደህና ደህና መጻሕፍት ተደርድረው ይታያሉ። አንባቢ ሲጠይቃቸው «አሁን አይወጣም» ይሉና መነጽራቸውን ይወለውላሉ። እኔም «መጽሐፍ ያለ ፍርድ የሚታሰርበት ቁም ሳጥን» ብዬ ጻፍኩ። ሰው ሳቀ፤ እኔም በራሴ ቀልድ ሰልፉ ላይ ብቻዬን ስስቅ ከፊቴ የቆመችው ሴትዮ ዞራ አየችኝ።

ጉድ ያፈላብኝ ግን ቁም ሳጥኑ አልነበረም። ለማያውቅ ልንገር፦ ቤተ መጻሕፍት ማኅተሙን የሚመታው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ አይደለም። በመጽሐፉ ሆድ ውስጥ አንድ የምስጢር ገጽ ይመረጣል፤ በሁሉም መጽሐፍ ያው ገጽ ነው። ሌባ የፊቱን ገጽ ገንጥሎ «የኔ ነው» ቢል ሠራተኛው ያንን ገጽ ከፍቶ ያሳየዋል። የኛ ሠላሳ ሰባት ነበር። ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሼ በሩን ዘግተው ቁጥሩን በጆሮዬ ነገሩኝ። የቅጥር ደብዳቤዬን ስቀበል ያልተሰማኝ ደስታ ያኔ ተሰማኝ፤ ሰው ሆንኩ አልኩ።

አንድ ቀን አንድ ሰውዬ የኛን መጽሐፍ በብብቱ ይዞ ሲወጣ ያዝኩት። ከቤቱ ያመጣው እንደሆነ ምሎ ተገዘተ። ሠላሳ ሰባተኛውን ገጽ ገልጬ ማኅተማችንን ሳሳየው «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አለ። እንዲህ ያለ ወሬ ለብሎግ ሎተሪ ነው። በማግስቱ ሰልፉ ላይ እንዳለሁ፣ ቁጥሯን እንኳ ሳላስቀር፣ ጣፍጦኝ ጻፍኩት።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ የታተመ ወረቀት ተከምሯል። ገና ከሩቅ አወቅኩት፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ የጻፍኩት ሁሉ ነበር። የእህታቸው ልጅ «ስለ ቤተ መጻሕፍት የሚጽፍ ሰው አለ፣ ደስ ይልሃል» ብላ አትማ ሰጥታቸዋለች።

«አነበብሽው ይሄን?» አሉኝ።

«አ... አልፎ አልፎ» አልኩ።

«ጎበዝ ነው ጸሐፊው። አስቆኛል።» ገጽ ገለጡና ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። «ይህን ቁጥር የምናውቀው ግን ሁለት ሰዎች ነን። እኔ አልጻፍኩትም።»

የምገባበት ጠፋኝ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ብሎጉን ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ብሎጉ አላሳሰበኝም። ያሳሰበኝ ያ በር የተዘጋበት ቀን ነው። ሰው አምኖ በጆሮዬ ያንሾካሾከልኝን ነገር እኔ ለታክሲ ሰልፍ ማሳለፊያ አደረግኩት።

ጋሼ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «እንግዲህ ሁሉም መጽሐፍ እንደገና በሌላ ገጽ ሊመታ ነው። ማኅተሙንና ቀለሙን አምጪ፤ ከዚህ እንጀምር» አሉና ቁልፉን ከኮታቸው አውጥተው ቁም ሳጥኑን ከፈቱ። ሦስት ዓመት ስመኘው የኖርኩት ቁም ሳጥን በእንዲህ ዓይነት ቀን ይከፈታል ብዬ መቼ አሰብኩ።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ገለጥኩ። መሐሉ ላይ የተገነጠለ ገጽ ነበረ፤ በቦታው በሰማያዊ እስክሪብቶ የተገለበጠ ወረቀት በሥርዓት ተለጥፏል። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ አራት ገጽ ሙሉ በእጅ ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉን አወቅኩት፤ በየወሩ የፈቃድ ወረቀቴን የሚፈርመው እጅ ነው።

«ተማሪ ሲገነጥል እኔ ነፋስ ስልክ በኩል ካለ ሌላ ቤተ መጻሕፍት ደህናውን ተውሼ እገለብጣለሁ። ሲድኑ ይወጣሉ» አሉ።

«ድኖ የወጣ አለ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «መደርደሪያው ሙሉ ነው እኮ። አንቺ አይደለሽ የምትደረድሪው?»

እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ደርድሬያቸዋለሁ፣ አቧራቸውን ጠርጌያለሁ፤ የማውቀው ጀርባቸውን ነው። አንዱንም ገልጬ አላየሁም። ስልክ ቻርጅ በሚያደርገው ሰውዬ ላይ ያን ሁሉ መቀለዴ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

«ስለ ቁም ሳጥኑ የጻፍኩትን እንኳ ልሰርዘው» አልኳቸው።

«ገጽ አይገነጠልም» አሉ፤ «ስህተት ያለበት መጽሐፍ እርማት ይጨመርበታል።»

እርማቱ እንግዲህ ይኸው፤ ስሜንም ብሎጉ ላይ አውጥቻለሁ።

የቀለሙን ክዳን ከፈትኩ። ማኅተሙን ላቀብላቸው እጄን ስዘረጋ «ጋሼ፣ አዲሱን ቁጥር ለኔ አይንገሩኝ። እርስዎ ይምቱ፣ እኔ መጽሐፉን አቀብላለሁ» አልኩ። አውቄ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

የጋሼ ወንበር ሲንቀጫቀጭ፣ ከዚያ እርምጃቸው፣ ከዚያ በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ተመልሰው መጡና በጆሮዬ ነገሩኝ።