«አይዞዎት» ወደየት ነው?

በዲማ ቅኔ ቤት ሲያስተምሩ የኖሩት ዓይነ ስውሩ አጎቴ ከሁሉ አብልጠው የሚንቁት ቃል «አይዞዎት» ነበር።

አምና ደብረ ማርቆስ ላይ ለዓይነ ስውራን ተብሎ በተጠራ ስብሰባ የክብር እንግዳ አደረጓቸው። ከረባት ያሰረ አንድ አስተናጋጅ ማንነቱን እንኳ ሳይናገር የምርኩዛቸውን ጫፍ ይዞ እንደ በግ ጎተታቸው። መድረኩ ጋ ሲደርሱ፣ ዓይንም አፍም ያለው ሰው «ደረጃ አለ» ማለት አቃተውና «አይዞዎት አባቴ» አለ። ወደቁ፤ ቅልጥማቸው ተላጠ። ተነሥተው ጋቢያቸውን አራገፉና፣

«አይዞዎት ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ?» አሉት።

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ጨዋታ መስሏቸው እኮ ነው። ስለ ዓይነ ስውራን ደኅንነት ሲደሰኩሩ ውለው፣ ሲያበቁ ደግሞ ለአጎቴ መውረጃውን የሚነግራቸው ጠፋ። ክንዴን ሰጥቼ ያወረድኳቸው እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። የለቅሶውን ድንኳን ገመድ መግቢያው ላይ ወጥረውት ኖሮ፣ ዓይኔን እንባ ጋርዶት ተደናቀፍኩ። ያ አስተናጋጅ ለለቅሶ መጥቶ ነበርና ክንዴን ያዝ አድርጎ «አይዞሽ» አለኝ።

«ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ?» አልኩት።

ግራ ገባው። በዚህ ቅኔ የሚስቁት አጎቴ ግን ድንኳኑ ውስጥ አልነበሩም።