ፍሬር ነኝ አልኩ እንጂ አልዋሸሁም

ቄስ አይደለሁም። ይህን ስናገር ኖሬ አፌ ደክሟል። በአገራችን ብራዘር ይሉናል፣ ጅቡቲ ውስጥ ፍሬር ይሉናል፤ ትርጉሙ ያው ወንድም ነው። አልቀድስም፣ አላናዝዝም፣ ክርስትና አላነሳም። ቧንቧ እጠግናለሁ። ሽንት ቤት ሲደፈን እከፍታለሁ። የተማሪ ወንበር እግሩ ሲሰበር እቸነክራለሁ። ማኅበር ስገባ በሦስት ነገር ተሳልኩ፤ በድኽነት፣ በንጽሕና፣ በመታዘዝ። ሰው ሁሉ የሚከብደው ሁለተኛው ይመስለዋል። ሞኝ ነው። የሚከብደው ሦስተኛው ነው፤ በተለይ በዕድሜ ለሚያንስህና መፍቻ በእጁ ይዞ ለማያውቅ ሰው መታዘዝ።

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከበቀለ በኋላ ነው። የፊደል ስህተት ያገኘ ያርመው። ታሪኩን ግን አያርመው፣ እንዲህ ነው የሆነው።

ጅቡቲ የመጣሁት በዘጠና ዓ.ም. ጦርነቱ ተነስቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ፣ የአገራችን የጭነት መኪና ሁሉ ወደዚህ ወደብ በዞረበት ጊዜ ነው። አለቆቼ «እዚያ ያለው ሚስዮን የቧንቧ ሰው ይፈልጋል» አሉኝ፤ ዕቃዬን አንጠልጥዬ መጣሁ። ሚስዮኑ ትምህርት ቤት ነበረው። ጠዋት የግቢውን በር የምከፍተው፣ ቀትር ላይ የምዘጋው እኔ ነበርኩ። በመሃል ያለውን ሰዓት ከቧንቧ ጋር ስጣላ እውላለሁ።

የሀብታም ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት የሚያመጧቸው እናቶቻቸው አይደሉም። ሠራተኞቻቸው ናቸው፤ የእኛ አገር ሴቶች። ቦርሳው በእነሱ ትከሻ፣ የውሃ ኮዳው በእነሱ አንገት፣ ልጁ ባዶ እጁን ከፊት ከፊት እየሮጠ። ከእነዚያ አንዷ የወሎ ልጅ ነበረች። ከሃያ ብዙ አትዘልም። መጀመሪያ ቀን መስቀሌን አይታ ጎንበስ አለች።

«አባ፣ ይባርኩኝ።»

«ቄስ አይደለሁም።»

«ታዲያ ይሄ መስቀል አንገትዎ ላይ ምን ይሠራል?»

«ወንድም ነኝ።»

«የማን?»

«የሁሉም።»

ከት ብላ ሳቀች። «እንግዲያው የእኔም ነዎታ! ደህና ይዋሉ ወንድም ጋሼ።»

ከዚያ ወዲያ ስሜ ወንድም ጋሼ ሆነ። ሁልጊዜ ጠዋት ትመጣለች፣ ሁለቱን ልጆች ታስገባለች፣ አንድ ነገር ትወረውርብኛለች። «ወንድም ጋሼ፣ ዛሬም ሽንት ቤት ሸተቱ!» እኔም እሰድባታለሁ፣ «አንቺ ምላሰኛ፣ ሂጂ ወጥሽ ሳያርር!» እላታለሁ። ጨዋታችን ይኸው ነበር። ከደጁ ያለፈ ነገር አልነበረውም።

የሰኔ ሙቀት መጣ። ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልጅቷ ጨዋታ አቆመች። ምን ነካሽ ብላት እያለቀሰች ነገረችኝ። እመቤቷ ፓስፖርቷን የተቀበለቻት በመጣችበት ቀን ነው። አገሬ ልሂድ ስትል፣ ከረመዳን በኋላ አለቻት። ረመዳን አለፈ፤ ከልጆቹ ፈተና በኋላ ተባለ። አሁን ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ወደ ዓረብ አገር ሊሻገር ነው፤ እሷም አብራ ትሄዳለች፣ ትኬቷ ተቆርጧል።

«ባሕሩን ከተሻገርኩ አልመለስም ወንድም ጋሼ። የአክስቴ ልጅ ሄዳ ድምጿ ጠፍቷል። እዚህ ቢያንስ ጠዋት ጠዋት በአማርኛ የሚሰድበኝ አለ። ይሄ በር ከተዘጋ ማን ያየኛል?»

ወደ አለቃችን ሄድኩ። ፈረንጅ ነው፣ ቄስ ነው፣ የተማረ ነው። እኔ በጠገንኩት ማራገቢያ ሥር ተቀምጦ ይጽፋል። ሁሉንም ነገርኩት። ብዕሩን እንኳ አላስቀመጠም።

«ፍሬር፣ ይህ የሰው ቤት ጉዳይ ነው። አባትየው ትልቅ ሰው ነው፣ ልጆቹ እኛ ዘንድ ይማራሉ። መጠንቀቅ አለብን። በጸሎታችን እናስባት።»

ጸሎት ጠልቼ አይደለም። በጸሎት ነው የኖርኩት። ግን ቧንቧ ፈንድቶ መማሪያ ክፍሉ ሲጥለቀለቅ ማንም መጥቶ «በጸሎታችን እናስበው» ብሎኝ አያውቅም! ያኔ «ፍሬር! ፍሬር! ቶሎ!» ነው። ሰው ሲሰምጥ ነው እንዴ ጥንቃቄ የሚመጣው? እጅ ነስቼ ወጣሁ። ደሜ ፈልቶ ነበር።

የዚህን ከተማ አንድ ነገር አውቃለሁ። ጫት ከአገራችን ተጭኖ ቀትር ላይ ይገባል። ጫቱ እስኪመጣ ሰው ሁሉ ቁጡ ነው፤ ጉዳይ ይዘህ ብትሄድ ትባረራለህ። ሲመሽ ደግሞ ይጨፈግጋቸዋል፣ አፍ አይከፍቱም። አስር ሰዓት ላይ ግን ምርቃናው ሲመጣ፣ የቆረቆዘውም ሰው ንጉሥ ይሆናል፣ «ውሰድ! ምን ቸገረኝ!» ይላል። በየሰው ቤቱ ቧንቧ ስሠራ ያየሁት ነው። ሲሚንቶ ለማስገዛት እንኳ አስር ሰዓትን እጠብቅ ነበር።

ረቡዕ አስር ሰዓት ላይ፣ በሥራ ልብሴ፣ ጋቦዴ ከሚባለው ሰፈር፣ ከቤታቸው ሄድኩ። በሩ ጋ ስደርስ መስቀሌን ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩ። ከዚህ ሁሉ የማፍርባት ይህቺ ብቻ ናት።

ዘበኛው አፉ በጫት ተወጥሮ «ማን ነህ?» አለኝ።

«ፍሬር ነኝ። የቤት ሠራተኛዋን ፈልጌ ነው።»

ዞር ብሎ ወደ ውስጥ በሶማሊኛ ጮኸ፤ «ወላልኬድ!» ወንድሟ ማለት ነው። ሶማሊኛ እሰማለሁ። ማረም እችል ነበር። አላረምኩም።

አስገቡኝ። ወንዶቹ ትራስ ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ባለቤቱ ሽርጥ አገልድሞ መሃላቸው ተቀምጧል፤ ጥግ ላይ ጢሙን ሂና የተቀባ ሽማግሌ አለ፣ እሱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል።

«ወንድሟ ነህ?» አለ ባለቤቱ።

«ፍሬር ነኝ።»

«ከአንድ አባት?»

«አባታችን አንድ ነው።» የሰማዩን ማለቴ ነው። የትኛው ብሎ አልጠየቀኝም።

«ከእናትስ?»

«እናቷን አላውቃትም።»

ሽማግሌው ጭኑን መታ። «አባትየው በእርጅናው የወለዳት ናታ! የእኔም አባት እንዲሁ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ከልጅ ልጄ ያንሳል!» ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ሳቁ ሳይበርድ ተናገርኩ። «አገሯ ልትገባ ነው። ፓስፖርቷን ስጡኝና ይዣት ልሂድ።»

ባለቤቱ ጫቱን አላመጠ። ሽማግሌው ግን እጁን አነሳ፤ «ወንድም ደጅ ላይ ቆሞ እህቱን ሲጠይቅ አይከለከልም። ነውር ነው» አለ።

እመቤቲቱ ከጓዳ ወጣች። «ወንድም አለኝ ብላ አታውቅም! ደግሞስ ይሄን ሰው የት ነው የማውቀው?» አለችና አፈጠጠችብኝ። በሕይወቷ ሁለቴ ብቻ ነው ትምህርት ቤቱ የመጣችው። ባለቤቱ «ልጅቷ ትጠራና ትናገር» አለ።

እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ መጣች። ምንም አልነገርኳትም ነበር፤ እመጣለሁ አላልኳት። አባ ብላ ብትጠራኝ አለቀ። እዚያ ካሉት ብዙዎቹ የእኛን አገር ሰው ሲያሠሩ የኖሩ ናቸው፤ አባ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። አየችኝ። ክፍሉን በሙሉ አየች።

«ወንድም ጋሼ!» ብላ ጮኸች፤ ከነአረፋዋ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ሽማግሌው ዓይኑን ጠረገ። ፓስፖርቱ መጣ። ልብሷን በአንድ ፌስታል ይዛ ተከትላኝ ወጣች። እዚያው ከተማ ያሉት የካቶሊክ መነኩሲቶች ቤት አስገባኋት። ያኔ አሮጌው ባቡር ገና ይሠራ ነበር፤ እንደ አሁኑ ከከተማ ውጭ ናጋድ ድረስ መሄድ የለም፣ ከከተማው ጣቢያ ነው የሚነሳው። ዓርብ ጠዋት ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል ተባልን።

ነገር የተበላሸው ሐሙስ ጠዋት ነው። ሠራተኛ የላትማ! እመቤቲቱ ልጆቿን ራሷ ይዛ መጣች። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ መፍቻዬ በእጄ፣ መስቀሌ በአንገቴ። ይህን አላሰብኩም ነበር። ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው።

«ይሄ የሽንት ቤቱ ሰውዬ ነው!» ብላ ግቢውን አናጋችው።

አለቃችን ቢሮው ድረስ አስጠራኝ። እሷም ተቀምጣለች። «ዋሽተሃል ፍሬር» አለኝ። «ባለቤታቸው ነገ ቤት ናቸው። ጠዋት ትሄዳለህ፣ እውነቱን ትነግራቸዋለህ፣ ልጅቷንና ፓስፖርቱን ትመልሳለህ። በመታዘዝ ስም አዝሃለሁ።»

በመታዘዝ ስም የተባለ ቀልድ አይደለም። እምቢ ብዬ አላውቅም ነበር። «ፓስፖርቱ የእሷ ነው፣ በእጇ ነው። እሷም በግ አይደለችም፣ አልጎትታትም። የእኔ አፌ ብቻ ነው» አልኩት።

«እንግዲያው አፍህን ይዘህ ሂድ።»

ሄድኩ። ዓርብ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳሁ። ዘበኛው ሳቀብኝ። «ሲቅም ያደረ ሰው በዓርብ ቀን በዚህ ሰዓት ይነሳል? ለጁምዓ ካልሆነ አይነሳም። ልቀስቅሰው?»

አሰብኩ። የታዘዝኩት ሂድና ንገር ነው። ቀስቅስ አልተባልኩም። «ይተኛ» አልኩት። ግንቡን ተደግፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ወጣች፣ ጥላው ሸሸ፣ አናቴ ነደደ። ሰዓቴን አያለሁ። አሁን ጣቢያ ደርሳለች። አሁን ተሳፍራለች። ባቡሩ እንዳይበላሽ ብቻ ጸለይኩ፤ ያ ባቡር መበላሸት ይወዳል። አልተበላሸም። የሸኘቻት መነኩሲት በኋላ ነገረችኝ።

ባለቤቱ ነጭ ለብሶ ወደ መስጊድ ሲወጣ ተነስቼ ቆምኩ። መስቀሌን በግልጽ አውጥቻለሁ።

«ከእናቷም ከአባቷም አልተወለድኩም። የካቶሊክ ፍሬር ነኝ፣ የልጆችዎ ትምህርት ቤት ቧንቧ ሠሪ ነኝ። እንድነግርዎ ታዝዣለሁ፣ ነገርኩ። ልጅቷ ሄዳለች።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ዘበኛውን አየ። ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሽማግሌው ሰምቷል ይህን?»

«አልሰማም።»

«ስማ እንግዲህ። እኔ በሽማግሌ ፊት እህትን ለወንድሟ ሰጠሁ። አሁን ሴት ልጅ ከቤቱ አውጥቶ ለማያውቀው ሰው ሰጠ ልባል? ወንድሟ ነህ! ዘንድሮም ወንድሟ ነህ፣ ከርሞም ወንድሟ ነህ። ሌላ ነገር ከአፍህ ቢወጣ ጥርስህን አረግፈዋለሁ። ሂድ!»

ሄድኩ። ማኅበሩ ምሳ ላይ ነበር።

«ነገርካቸው?» አለ አለቃችን።

«ነገርኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«ወንድሟ ነህ አሉኝ።»

አንዱ ፍሬር ሾርባው ትን አለው። አለቃችን ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ተነስቼ በሁሉ ፊት ዋሽቻለሁ እንድል አዘዘኝ። ተነሳሁ።

«ሞን ፔር» አልኩት፤ አባቴ ማለት ነው። «እዚህ ግቢ ሲነጋ ፍሬር ብለው የሚጠሩኝ እርስዎ ነዎት። ማታም ፍሬር ይሉኛል። እኔ በሰው ደጅ ያንኑ ቃል ነው የተናገርኩት። ውሸት ከሆነ የጀመሩት እርስዎ ነዎት። እውነት ከሆነ ደግሞ ለምንድን ነው የማፍረው?»

ይህን ብዬ ተቀመጥኩና ሾርባዬን በላሁ። ቀዝቅዞ ነበር።

ቅጣቱ መጣ። በሩ ከእኔ ተወሰደ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ዘበኛ ተቀጠረ፣ አዲስ ሕግም ወጣ፤ የቤት ሠራተኞች ወደ በሩ አይጠጉ፣ ከማንም አይነጋገሩ፣ ከመንገዱ ማዶ ሆነው ልጆቹን ይጠብቁ። ከመንገዱ ማዶ ዛፍ የለም፣ ግንብ የለም፣ ምንም የለም። የጅቡቲ መስከረም ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው አይፍረድ። ቀትር ላይ ሴቶቹ የልጆቹን ደብተር አናታቸው ላይ ደፍተው ቆሙ። እኔን የቀጡ መስሏቸው እነሱን ቀጡ። የበደልኩት እኔ፣ የሚቃጠሉት እነሱ! ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም፤ ይቅር ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ለንስሐ አባቴም ነግሬዋለሁ፣ ግን አልሆነልኝም።

አንድ ሳምንት አየሁ። በሁለተኛው ሳምንት አራት ያረጁ የውሃ ቧንቧዎችን ከመንገዱ ማዶ ተከልኩ፣ እግራቸውን በሲሚንቶ ሞላሁ፣ ከላይ ቆርቆሮ መታሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ። አለቃችን መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«ፈቃድ ጠይቀሃል?»

«አልጠየቅኩም።»

«ማፍረስ ይኖርብሃል።»

«መሰላሉ ያውልዎ» አልኩት። «እርስዎ ይውጡና ያፍርሱት። እኔ እይዝልዎታለሁ፣ እንዳይወድቁ።»

ሴቶቹ ከሥሩ ቆመው ነበር፣ አምስት ይሆናሉ። አንዳቸውም አልተነቃነቁም። መሰላሉን አየ፣ እነሱን አየ፣ ተመልሶ ገባ። ስለ ጣራው ዳግመኛ አልተነሳም። የባሕሩ ነፋስ ቆርቆሮውን በየዓመቱ ይበላዋል። በየዓመቱ ወጥቼ እፍቀዋለሁ፣ ቀለም እቀባዋለሁ፤ ስቀባውም እየተቆጣሁ ነው።