ጎታ ውስጥ የተደበቀው ምርቃት

እህቴ ከጅዳ የላከችው ሳጥን በአንዲት ከስደት ተመላሽ ሻንጣ ውስጥ፣ በሁለት አባያ ተጠቅልሎ ከተማችን ሐይቅ ገባ። ሁለት ሃርድ ዲስክ ጎን ለጎን የሚይዝ ጥቁር ዕቃ ነው፤ ከራውተር ጋር ሲያያዝ በውስጡ ያለውን ከየትም አገር ሆኖ መክፈት ይቻላል። አንድ አዲስ ዲስክ አስገብታበታለች፤ ሁለተኛው ቦታ ባዶ ነበር። «ያለንን ሁሉ እዚህ ላይ ገልብጠው» አለችኝ በስልክ። ሁሉ ትበል እንጂ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአባታችንን ምርቃት።

በባሕር የሄደችው አባታችን ሳይመርቃት ነበር። አባቴ ይህ አልዋጥለት ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክ ላይ አልቀርብም አላት። እሷም ያጋጠማትን ክፉ ሁሉ፣ የአሠሪዋን ቁጣም የወገቧን ሕመምም፣ በዚያ ታሳብባለች። የሰሜኑ ጦርነት ወደ እኛ ሲቃረብ ግን የሽማግሌው ልብ ራራ። አንድ ቀን ከሰዓት ሱቄ መጣና «ካሜራህን አምጣ፤ ልመርቃት» አለኝ።

ሥራዬ ሠርግና ኒካህ መቅረጽ ነው፤ በለውጡ ሰሞን ደግሞ ሰልፍ። ድምፅ እንዳይበላሽ ከካሜራ ኋላ አፌን መዝጋት ለምዶብኛል። አባቴ አንዱን ዱዓ ብሎ ዝም አለ። ጠበቀኝ። ከዚያ «አሚን አይባልም እንዴ አንተ?» አለ። እንዲቀጥል በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ቀጠለ፤ ግን በየመሃሉ ያቺን ዝምታ እየተወ። አሁን ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ። አሚን ያልተባለለት ምርቃት መሬት ይቀራል ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ ለድምፅ ጥራት ብዬ አባቴን ብቻውን አስመረቅሁት።

ኔትወርኩ በዚያው ሰሞን ተቋረጠና ልልክላት አልቻልኩም። የካሜራውን ካርድ እንደወትሮዬ ወደ ትልቁ ዲስክ ገልብጬ አጽድቼዋለሁ። ስንሸሽ እማዬ ዲስኩን ተቀብላኝ የጤፉ ጎታ ውስጥ ቀበረችው። የእኛ ሰው ውድ ነገር የሚደብቀው እህል ውስጥ ነው፤ ወርቅም ቢሆን። ስንመለስ ሱቁ ባዶ ነበር፤ ጤፉም ተጋምሷል፤ ዲስኩ ግን ከጎታው ሥር ተገኘ። አባቴ አብሮን አልተመለሰም። በሸሸንበት የስኳር መድኃኒቱ አልቆበት እዚያው ቀረ።

ሳጥኑ በመጣ ማግስት ጠዋት መብራት ስለነበር ጀመርኩ። የዲስኩ መሰኪያ በጤፍ ተጠቅጥቋል። በመርፌ ስጎረጉረው የመሰኪያው ጥርስ ተሰበረ። ተናድጄ ሽፋኑን ፈለቀቅሁና ዲስኩን እርቃኑን አውጥቼ ሳጥኑ ባዶ ቦታ ውስጥ ገፋሁት፤ ልክክ አለ። ሳጥኑን በማዝበት ላፕቶፔ ላይ የሆነ ጥያቄ መጣ። እኔ ደግሞ ሳላነብ «እሺ» የሚለውን የምነካ ሰው ነኝ።

«ቢስሚላህ በል!» አለች እማዬ ከኋላዬ። ዕቃ በነካሁ ቁጥር የምትለው ነው፤ በሰማሁት ቁጥር ይሰለቸኛል።

«እሺ፣ ቢስሚላህ» ስል ዓይኔ ጽሑፉ ላይ አረፈ። ለካ ሳጥኑ ዲስክ ሲገባለት መጀመሪያ ያለውን አጥፍቶ ነው የሚቀበለው። ሁሉም ይጠፋል፣ ይቀጥል ወይ? ይላል። ጣቴን አነሳሁ። ዲስኩን ከሳጥኑ መንጭቄ አወጣሁት።

«ምን ሁነሃል ልጀ?»

«ምንም እማዬ። ውሃ ስጪኝ።»

ኮምፒውተር ከሚጠግን ጎረቤቴ ገመድ ተውሼ ዲስኩን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘሁትና በራውተሩ በኩል ወደ ሳጥኑ መገልበጥ ጀመርኩ። እዚህም ቂል ሆንኩ፤ የአባቴን ማስቀደም ሲገባኝ ሁሉንም አንድ ላይ ላክሁት። ሠርግ በሠርግ ላይ ሲያልፍ ግማሽ ሳይደርስ መብራት ሄደ። እማዬ ሙስበሃዋን እየቆጠረች ተቀመጠች። «አብሽር» ትለኛለች፤ ድምጿ ግን እኔን ከማጽናናት ራሷን የሚያጽናና ይመስል ነበር።

መብራቱ ሲመለስ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ ይል ጀመር። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ሊሞት ሲል ነው። የሐይቅና የውጫሌ ሙሽሮች ሁሉ ይቅር ይበሉኝ፣ ትቻቸው የአባቴን ብቻ ጎተትኩ። የመገልበጫው መስመር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። «ያ ረቢ» አልኩ፣ ማንም ሳያዘኝ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ሞላ። ዲስኩ ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

ደውዬ ስነግራት እህቴ ወዲያው በስልኳ ከፈተችው። ጥሪውን ስላልዘጋን ምርቃቱ በእሷ በኩል ይሰማናል።

«አላህ ከክፉ ይሰውርሽ» አለ አባቴ፤ ዝም አለ። ከእሷ በኩል ማልቀሷ ብቻ ይሰማል።

«አሚን አይባልም እንዴ አንተ?»

ፊቴ ነደደ።

«አሚን አባባ! አሚን!» አለች ደንግጣ፣ የተቆጣው እሷን ይመስል።

«የሰው አገር ይቅናሽ።»

«አሚን።»

አባቴ አሚን እንድል ትቶልኝ የነበረው ጊዜ ለእሷ በቃት። እማዬም አብራት አሚን ማለት ጀመረች። «ወጥተሽ ግቢልኝ» ሲል እኔም አፌን ከፈትኩና አሚን አልኩ።