ሰኞ የሚጀመረው ኔትወርክ

ጥፋቱ የታፔላ ጸሐፊው ነው። እኔና ጓደኛዬ መገናኛ አጠገብ፣ ከአንድ የጎማ ሱቅ በላይ ያለች ክፍል ተከራይተን አራት ኮምፒውተር አስገብተናል። ያዘዝነው ጽሑፍ «የታይፕና የኮምፒውተር ማሠልጠኛ» የሚል ነበር። ታፔላው ተሰቅሎ ከመንገዱ ማዶ ቆመን ስናየው ግን «የታይፕ፣ የኮምፒውተርና የኔትወርክ ማሠልጠኛ» ይላል።

«ኔትወርክ ጻፍ ያለህ ማነው?» አልኩት።

«ቦሌ መንገድ የሠራሁላቸው ሁሉ አስጽፈውታል። እናንተ የረሳችሁት መስሎኝ ነው» አለ ብሩሹን በጨርቅ እየጠረገ። «ደግሞ ቦታ ተርፎኝ ነበር።»

ዘመኑ የዘጠናዎቹ መግቢያ ነው። ቃሉን ሁሉም ይጠራዋል፤ ነገርዬውን በዓይኑ ያየ ግን ጥቂት ነው። እኛም አላየንም። ልናስጠፋው ተስማምተን ነበር፣ እውነቴን ነው። ነገር ግን በማግስቱ ጧት፣ ቀለሙ በደንብ ሳይደርቅ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴትዮ ሰማያዊ የደንብ ልብስ ለብሰው ደረጃውን ወጡ። አውሮፕላን ማረፊያው ካርጎ ውስጥ ነው የሚሠሩት። በመነጽራቸው አናት አዩን።

«ኔትወርክ ታስተምራላችሁ?»

አፌን ስከፍት ጓደኛዬ ቀደመችኝ። «እንዴታ!»

«መቼ ይጀመራል?»

«ሰኞ።»

«እኔና አራት ባልደረቦቼ እንመጣለን» አሉና ተመዝግበው ወረዱ።

ኮቴያቸው ደረጃው ላይ እስኪጠፋ ጠበቅሁ። «አብደሻል?» አልኳት።

«ምን ልበላቸው? አባቴ ሱቅ ውስጥ ‹የለም› አይባልም ብሎ ነው ያሳደገኝ።» አባቷ ከትግራይ መጥተው ሾላ ገበያ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ናቸው። «‹ሰኞ ና› ነው የሚባለው። ሰኞ አልኳቸው!»

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን ጎናችንን እስኪያመን ሳቅን። ከፍርሃት የሚመጣ ሳቅ ማቆሚያ የለውም፤ እሷ ስትተው እኔ እጀምራለሁ፣ እኔ ስተው ታፔላው ትዝ ይላታል።

ረቡዕ ለየኮምፒውተሩ አንድ አንድ የኔትወርክ ካርድና ማያያዣ ገመድ ፈልገን አገኘን። አንድ ዓይነት አራት ስላልነበረ ሁለቱ ከአንድ ፋብሪካ፣ ሁለቱ ከሌላ ሆኑ። ሶፍትዌሩን ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የአክስቴ ልጅ በስድስት ፍሎፒ ገልብጦ ሰጠኝ፤ ፎቶ ኮፒ የተደረገ መመሪያም አብሮት ነበር። ሶፍትዌሩ አንድ ወጥ አይደለም፣ ሞጁል በሚሏቸው ቁርጥራጮች የተገጣጠመ ነው። አንዱ ሞጁል ካርዱን ያናግራል፤ አንዱ ለኮምፒውተሩ የአድራሻ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሌላው ጎረቤት ኮምፒውተር ጠርቶ መኖሩን ያጣራል።

«ስንት ናቸው?» አለች ጓደኛዬ።

«ሃያ ምናምን።»

«ሁሉንም ጫኛቸው! የሰጡንን ምን ያስመልሰናል?»

ሁሉንም ጫንናቸው። ኮምፒውተሩ ደርቆ ቀረ። አጥፍተን አበራን፣ ደግመን ጫንን፣ ደግሞ ደረቀ። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ መዝገበ ቃላት ይዘን መመሪያውን ስናነብ ዋልን። ለካ የሚጫነው የሚያስፈልገው ብቻ ነው፣ እሱም በተራ፤ መጀመሪያ የካርዱ ሞጁል፣ በላዩ የአድራሻው።

ጓደኛዬ ብድግ አለች። «እንዲህ አይሉም! መጀመሪያ ካልሲ፣ ቀጥሎ ጫማ!»

ከዚያ ወዲያ «ለሁለተኛው ካልሲ አደረግሽለት?» «አድርጌለታለሁ፣ ጫማው ነው የቀረው» እየተባባልን መሥራት ሆነ። ሰው ቢሰማን ሕፃናት የምንንከባከብ ይመስለዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ ሆኜ አንደኛውን ጠራሁት። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ወጣ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። መለሰ! ሁለተኛውንም ጠራሁት፣ መለሰ። ጮህን፤ ተያይዘን ዘለልን፤ አሮጌው የጣውላ ወለል ከእኛ ጋር ዘለለ። የቤቱ ባለቤት፣ ከወሎ የመጡት የጎማ ነጋዴው ሐጂ፣ ቆባቸው ላይ አቧራ ተነስንሶ ከታች ከች አሉ።

«ልጆቼ፣ ጣሪያውን ልታወርዱብኝ ነው?»

«ሐጂ፣ ይምጡ ይመልከቱ!» ክንዳቸውን ይዤ ስክሪኑ ፊት አቆምኳቸው። «ይኼኛው ያንን ‹አለህ ወይ?› ብሎ ጠየቀው፤ ያኛው ‹አለሁ› አለው።»

ሐጂ ሁለቱን ኮምፒውተሮች ተራ በተራ አዩ። በመካከላቸው ሁለት ክንድ አይሞላም። «አጠገቡ ተቀምጦ እያየው ምን ያስጠይቀዋል?»

ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን አዙረው ወረዱ።

እሑድ የመጣነው አራተኛውን ለመጨረስ ብቻ ነበር። ካርዱ ከሁለተኛው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ጓደኛዬ የሁለተኛውን ሥራ እንዳለ በፍሎፒ ገልብጣ ጫነችለት። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ስንጠራው ግን ዝም። ይባስ ብሎ ደህና የነበረው ሁለተኛውም አንዴ ይመልሳል፣ አንዴ ይጠፋል። ካርዱን ነቅለን ሰካን፣ ገመዱን ለወጥን፣ ማርያምን ለመንን። ምንም! ቀኑ መሸብንና ተስፋ ቆርጠን ወደየቤታችን ሄድን።

ሰኞ ጧት አምስቱም የካርጎ ሠራተኞች ከሰዓቱ ቀድመው ተገኙ። ጓደኛዬ ፀጉሯን አስተካክላ ፊታቸው ቆመች።

«የዛሬው ትምህርት» አለች፣ «ብልሽት ፍለጋ ነው። አንዱ ኮምፒውተር አይመልስም። ለምን?»

ወደ መስኮቱ ዞሬ ከንፈሬን ነከስኩ። ተማሪዎቹ ገመድ ነካኩ፣ ጠየቁ፣ ተከራከሩ። ሴትዮዋ ግን ማስታወሻ ደብተር አውጥተው ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው እየሄዱ ሞጁሎቹ ዘርዝረው የሚያሳዩትን ሁሉ ጻፉ፤ የካርዱን ዓይነት፣ የአድራሻ ቁጥሩን፣ አንድም ሳያስቀሩ። ከዚያ እስክሪብቷቸውን ደብተሩ ላይ መታ መታ አደረጉ።

«ሁለተኛውና አራተኛው ቁጥራቸው አንድ ነው። እኛ ዘንድ ሁለት ጭነት በአንድ ቁጥር አይገባም፤ ከገባ ሁለቱም ይጠፋል።»

ተያየን። ሥራውን ስትገለብጥ ቁጥሩም አብሮ ተገልብጧል! ተንደርድሬ የአራተኛውን ቁጥር ቀየርኩና ጠራሁት። መለሰ። ክፍሉ ውስጥ ጭብጨባ ሆነ።

ሴትዮዋ አላጨበጨቡም። «ሆን ብላችሁ ነው ያበላሻችሁት?» አሉ።

«አዎ» አለች ጓደኛዬ።

«አይ» አልኩ እኔ፣ እኩል።

ከዚያ ሁሉን ዘረገፍኩት፤ ታፔላውን፣ ሃያ ምናምኑን ሞጁል፣ የእሑዱን ልመና። ተነሥተው የሚወጡ መስሎኝ በሩን አየሁ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«እኔስ ማን ሆኜ ነው የምቆጣው?» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «አለቃዬ ‹ኔትወርክ የሚችል አለ?› ሲል ምንም ሳላውቅ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ! እነዚህን ደግሞ ‹እኔ አውቀዋለሁ፤ የምመጣው ለእናንተ ነው› ብዬ ነው ያመጣኋቸው!»

አራቱ ባልደረቦቻቸው መጀመሪያ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ሁላችንም በአንዴ ፈነዳን። እኔ ስቅታ ያዘኝ፣ ውሃ ጠጥቼም አልለቀቀኝም። ያን ጧት ካልሲና ጫማውን ሁሉም በገዛ እጁ ሠራ፤ አፈረሰ፣ ደግሞ ሠራ። መልእክት የሚልክ ሞጁልም ጫንን። ከባልደረቦቹ አንዱ በእንግሊዝኛ ፊደል «ርቦኛል» ብሎ ሲጽፍ አራቱም ስክሪን ላይ ርቦኛል ወጣ፤ ሌላ ዙር ሳቅ ተነሣ።

ምሳ ሲወጡ እኔና ጓደኛዬ ብቻችንን ቀረን። ወንበር ላይ ተዘርፍጣ ጣሪያውን ታያለች።

«ነገ ምን እናስተምራለን?» አለችኝ።

አሰብኩ። የምናውቀውን ሁሉ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ጨርሰነዋል። መመሪያውን ሳብኩና ያላነበብነውን ምዕራፍ ገለጥኩ፤ እሷም መዝገበ ቃላቱን ይዛ ከጎኔ ተቀመጠች። እስከ ኮርሱ መጨረሻ ከተማሪዎቻችን በአንድ ቀን ብቻ ቀድመን ኖርን፤ እንደዚያ ወር ደስ ያለኝ ጊዜ የለም።