ሳጥኑ ሳይከፈት

ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ በአንድ ረድፍ ቲማቲም የምንሸጥ ስድስት ሴቶች ነበርን፤ አራቱ ሶማሌዎች፣ ሁለታችን ከመሀል አገር የመጣን። ከእኔ ቀጥላ የምትቀመጠው ሶማሌ የልጄ እኩያ ናት። ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች የምታሳድገው በዚያች መደብ ነው። «አየዮ» ትለኛለች፤ በቋንቋቸው አያት ማለት ነው። በ2010 ሐምሌ መጨረሻ፣ የእኛ የመሀል አገር ሰዎች ቤትና ሱቅ በተዘረፈበት በዚያ ግርግር እኔ በሬን ዘግቼ ስቀመጥ፣ ሚዛኔንና ሸራዬን ቤቷ ወስዳ ያቆየችልኝ እሷ ናት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ያደረግሁት ነገር በልኩ እንዲታይ ነው።

ቲማቲሙን በአይሱዙ የሚያመጣልን አንድ ነጋዴ ብቻ ነበር። ሳጥኑን ከላይ በጠንካራው ይሸፍንና ከታች የበሰበሰውን ይደብቃል። ከፍተን እንየው ስንለው «ያልፈለገ ይተወው» ይላል። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ነገር ግን የጅግጅጋ ፀሐይ ለቲማቲም እንደማይራራ አውቃለሁ። እስከ ቀትር ካልሸጠ መኪናው ላይ ይፈስበታል። እኛ ከምንፈልገው ይልቅ እሱ እኛን ይፈልጋል። የሚያሸንፈን አንድ በአንድ ስለሚያገኘን ነው።

ሴቶቹን ሰበሰብኩና «ሳጥን ሳይገለበጥ ማንም እንዳይገዛ» አልኩ።

«አየዮ ቀበሌ ልትመራ ነው» አለች አንዷ፤ ሳቁ። ግን ተስማሙ። እነሱ በቁርአን ማሉ፣ እኛ በማርያም።

የመጀመሪያው ቀን ማንም አልገዛም። ሰውዬው ገበያውን ሲዞር ዋለና የለሰለሰውን ለምግብ ቤቶች በወደቀ ዋጋ ጥሎ ሄደ። ባዶ መደብ ላይ ተቀምጠን እንደዚያ የሳቅንበት ቀን አላስታውስም።

በማግስቱ የነጋዴው ደላላ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«እማማ፣ ስለማከብርዎት ነው የምነግርዎት። ጎረቤትዎ በማለዳ በጓሮ በኩል ወስዳለች።»

«ቀጣፊ።»

«ዞር ብለው ይዩ።»

አየሁ። ከጉልበቷ አጠገብ እርጥብ ጆንያ የለበሰ ሳጥን አለ። ቲማቲም ከፀሐይ የምንጠብቀው እንደዚያ ነው። በመካከላችን ያለው ሁለት እርምጃ ነው፤ አልጠየቅኋትም። መጠየቅ እሷን ከሃዲ ማለት መሰለኝ፤ ሳልጠይቅ መፍረዱ ግን አልከበደኝም። ያስከዳኝ ስስት አልነበረም። ሁሉም ሲገዛ እኔ ብቻዬን ሞኝ ሆኜ እንዳልቀር ፈራሁ።

ተነስቼ ሦስት ሳጥን ገዛሁ፣ ሳይከፈት። አራቱ ሴቶች ሲያዩኝ እየተጋፉ መጡ፤ አይሱዙው ወዲያው ባዶ ሆነ። እሷ ብቻ ከመደቧ አልተነሳችም። ስመለስ ጆንያውን ገለጠችው። ሽንኩርት ነበር።

«ሳምንት ብንቆይ ልጆቼ እንዳይራቡ ከእህቴ መደብ አምጥቼ ነው» አለችኝ። ድምጿን አላነሳችም። «አየዮ፣ ከእኔ እስከ አንቺ እኮ ሁለት እርምጃ ነው።»

አንዱን ሳጥን ወደ እሷ ገፋሁት። «ውሰጂው ልጄ።»

«የዚያ ሰውዬ ሳጥን ነው፤ አልፈልግም።»

ሽንኩርቱ ሲያልቅ ግን ከእሱ ከመግዛት ሌላ መንገድ አልነበራትም። እሱም እምቢ ስላለችው ቂም ይዞ ከሁሉ መጨረሻ እየጠራት፣ መኪናው ላይ ከታች ተጨፍልቆ የቀረውን ይሰጣት ጀመር። ይህንን እያየሁ መቀመጥ አልቻልኩም። ሴቶቹን እንደገና እንማል ብዬ ለመንኩ።

«መጀመሪያ ብቻሽን ቁሚ፤ ከዚያ እናያለን» አሉኝ። እውነት ነበራቸው።

ብቻዬን ቆምኩ። ሰውዬው በየማለዳው «እማማ፣ ጾም ላይ ነዎት?» እያለ ያልፋል። ደንበኞቼ ባዶ መደቤን አይተው ወደ ሌላው ይሄዳሉ። አምስቱ ሳጥኑ ሳይከፈት እየገዙት፣ የስድስተኛዋ እምቢታ ለእሱ መሳቂያ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ ሳጥኗን መሬት ላይ ገለበጠች። ግማሹ ውኃ ሆኗል። እየመረጠች የበሰበሰውን ለፍየሎች ትወረውራለች። ጠጋ ብዬ አብሬያት መልቀም ጀመርኩ፤ አልከለከለችኝም።

«ነገም አትገዢም?» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

«አልገዛም።»

«ያኔም እንዲህ ነበር ያልሽው» አለችና ሌላ የበሰበሰ ወረወረች።