የሌስሊ ማሳና የኖርማን ወረቀት

ሌስሊ ፐርኪስን ካወቅኩት ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው ሲያማ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ግን አማለሁ፤ ስለዚህ ነገሩን የምነግራችሁ እኔ ነኝ። ለእሱ ብንተወው ስለ አየሩ ሁኔታ ሁለት ቃል ተናግሮ ባርኔጣውን አንስቶ ይሄዳል።

ዕድሜውን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቷል። ጡረታ ሲወጣ ደስታው ሁሉ ድሮም ከእጁ የማይለየው ጠመንጃው ላይ ሆነ። ጠመንጃ ስላችሁ ሌላው ሰው የሚይዘው አሥራ ሁለት ቁጥር እንዳይመስላችሁ። የሌስሊ ሃያ ስምንት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር አፈሙዙ ይጠባል፣ ጥይቷም የሴት ጣት ብታክል ነው። እሁድ እሁድ በተኩስ ክለባችን ሜዳ፣ እንደ ወፍ አየር ላይ በሚወነጨፍ የሸክላ ሳህን ላይ ሲተኮስ ወንዶቹ አያስቀምጡትም።

«ሌስሊ፣ ዛሬም የጥርስ መጎርጎሪያህን ይዘህ መጣህ?»

«አዎ፣ መድፍህ የሳተውን ልልቀም ብዬ ነው።»

ከዚያ «ልቀቅ» ይላል፤ ማሽኑ ሸክላውን ይወነጭፈዋል፤ ሸክላው አየር ላይ ዱቄት ይሆናል። ነጥብ የምመዘግበው እኔ ሞሪን ነኝ፤ የክለቡ ጸሐፊም ነኝ። በዚያች ቀጭን ጠመንጃ ከሃያ አምስት ሃያ ሦስት ሲመታ፣ ባለመድፎቹ አሥራ ስምንት ይዘው ሲያጉረመርሙ፣ ሳቄን አፍኜ ነው የምጽፈው። አንድ ቀን ምኗ እንደሚያስደስተው ጠየቅኩት። «በትልቁ ስትተኩሺ የምታስቢው ስለ ትከሻሽ ነው» አለኝ። «በዚች ግን የምታስቢው ስለ ወፏ ብቻ ነው።»

ሸክላው ግን መለማመጃው ነበር። ልቡ ያለው የአሮጊቷ የሚስ ብሪምብል እርሻ ላይ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የዱር ርግቦች አተሯን እንዳይጨርሱ ጠብቋል፤ ጎተራዋ ውስጥ ያሉትን አይጦች ከሃያ ስምንቷም በቀጠነች ሌላ ጠመንጃ ለቅሟል፤ ብርዱ ሲገባ ደግሞ አጥሩ ሥር ሁለት ሦስት ቆቅ ይመታል። አርብ አርብ ሁለት የተነጩ ርግቦች ማድ ቤቷ በር ላይ አስቀምጦ፣ እጁን አውለብልቦ ይሄዳል። ፈቃዱን የሰጠችው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «አተሬን ጨረሱት፣ ና ተኩስልኝ» አለችው፣ በቃ።

እኛ ዘንድ ይኼ ነገር በቃል ነው የሚሄደው። አንድ ያልተጻፈ ሕግ ግን አለ፦ ጓደኛህ ወደሚተኩስበት መሬት ይዞህ ቢሄድ፣ አንተ ብቻህን ወደ ባለመሬቱ አትሄድም። የሰው ሚስት ከማማለል አይተናነስም።

ኖርማን ቲድቦልም ይኼን ሕግ ጠንቅቆ ያውቃል። አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር፤ ከሌስሊ ጋር ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ትከሻውን ቀዶ ጥገና ሲደረግ ሐኪሙ አሥራ ሁለት ቁጥር ከለከለው። ሁለት ወር ሙሉ ዝናብ እንደመታው ዶሮ ተኮራምቶ ሜዳው ዳር ሲቀመጥ ሌስሊ አላስችለው አለ። ሃያ ስምንቷን አምጥቶ እጁ ላይ አኖረለት።

«ሞክራት።»

«የሴት ጠመንጃ እኮ ናት።»

«ሴቶቹ አላማረሩም።»

ኖርማን መጀመሪያ አንድም አልመታ። ሌስሊ ከኋላው ቆሞ «ቀድመሃት ተኩስ፣ አትቸኩል፣ እሷ ትመጣልሃለች» እያለ እንደ ሕፃን አስተማረው። ኖርማን የራሱን ሃያ ስምንት ሲገዛ ደግሞ ሌስሊ ደስ ብሎት እርሻው ድረስ ይዞት ሄደ። ርግቦቹ በየት እንደሚገቡ፣ ተኳሹ ከየትኛው ቁጥቋጦ ሥር እንደሚደበቅ፣ እውነተኞቹን ማታለያ የፕላስቲክ ርግቦቹ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አድርገው መሃላቸው ማረፊያ ክፍተት ተትቶ እንዴት እንደሚደረደሩ፣ ሁሉን አሳየው። የሠላሳ አንድ ዓመት ዕውቀት በአንድ ወቅት አስረከበው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሚስ ብሪምብል ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረና አረጋውያን መጦሪያ ገባች። እርሻውን ለወንድሟ ልጅ ለረፐርት አስተላለፈች። የክለባችን ሜዳም ከዚሁ እርሻ የተቆረሰ ስለሆነ እኛም በረፐርት እጅ ገባን። ሌስሊ ልጠይቃት እያለ ሳይሄድ ቀረ። ሚስቱ ሂልዳ የሞተችው እንደዚያ ባለ ቤት ውስጥ ነው፤ በሩ ላይ ሲደርስ እግሩ እምቢ ይለዋል።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የእርሻው በር ላይ አዲስ ሰንሰለት አገኘ። በሰባ ሁለት ዓመቱ ተንጠላጥሎ ዘለለ። ቁጥቋጦው ሥር ኖርማን ተቀምጧል። የፕላስቲክ ርግቦቹ ፊታቸው ወደ ነፋሱ፣ መሃላቸው ክፍተት አለ።

«ኖርማን፣ ምንድን ነው ይኼ?»

«ልደውልልህ ነበር እኮ። ረፐርት ፈቃዱ በወረቀት ይሁን አለ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የምሰጠው አለ። ፈረምኩ።»

«እዚህ ያመጣሁህ እኔ ነኝ።»

«መች ካድኩ? መምጣት ስትፈልግ ደውልልኝና በእንግድነት ትገባለህ።»

በእንግድነት! ዓይኑን በጨው አጥቦ እንዲህ አለው። ሌስሊ ሲነግረኝ ደሜ ፈላ። እሱ ግን ቤቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን እያሻሸ «ሚስ ብሪምብል እያወቀች እንዲህ አታደርግም» ይላል። «ሞሪን፣ አብረሽኝ ግቢ፤ ብቻዬን እዚያ መጦሪያ ቤት መግባት አልችልም።»

ገባን። ሚስ ብሪምብል መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች፣ አእምሮዋ እንደ ምላጭ ነው። ሌስሊን ስታየው ፊቷን አዞረች።

«እርሻዬ ሰልችቶህ የለ? ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ማን ነው ሰለቸው ያለዎት?»

«ኖርማን ነዋ። ከገና ወዲህ በየሳምንቱ ይመጣል። ‹ሌስሊ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ መተኮስም ሰልችቶታል፣ እርስዎን ለመንገር አፍሮ ነው› አለኝ። አላመንኩትም ነበር። ግን አንተ አልመጣህም። በየአርቡ ጠበቅኩህ፣ ሌስሊ።»

ያ ለሃምሳ ሕፃናት ጩኸት ፊቱ የማይለወጥ ሰው እዚያው ቆሞ አለቀሰ። «አልሰለቸኝም» አላት። እሷም እጁን ያዘችው።

«ረፐርትን ፈቃዱን ለኖርማን ስጠው ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «አሁን ብነግረው አክስቴ ተምታታባት ይላል፤ ቃሌን መስማት ትቷል። አንቺ ግን ሰምተሻል፣ ሞሪን። አንቺ ንገሪው።»

«እነግረዋለሁ» አልኩ። እየማልኩ ነው ያልኩት። መንገዱን ሁሉ ኖርማንን ስሰድብ ነው የተመለስኩት።

እሁድ ረፐርት ሜዳው ላይ መጣ፣ ኖርማን ከጎኑ አልጠፋም። ሌስሊ ሰው ሁሉ እየሰማ የሆነውን ለረፐርት ነገረው፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ኖርማን ሳቀ። «እሱ ራሱ በቃኝ ብሎኛል እኮ፤ አሁን ረስቶት ነው።»

ረፐርት ሰዓቱን አየ። «ስሙኝ፣ የዚህን ሜዳ ነገር በሚመጣው ወር እንነጋገራለን። እርስ በርሱ የሚናከስ ክለብ መሬቴ ላይ አልፈልግም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ሞሪን፣ አክስቴ እውነት እንዲህ ብላለች?»

የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነው። እኔ ደግሞ የማየው ሜዳውን ነው፤ ማሽኑን፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያስተዳደርኩትን ያን ትንሽ የክለብ ጎጆ። ሜዳው ቢወሰድብን ሌላ መሄጃ የለንም።

«እኔ እንኳ... በደንብ አልሰማሁም» አልኩ።

ረፐርት ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ሌስሊ ጠመንጃውን ከፈተ፣ ሁለቱን ጥይቶች አውጥቶ ኪሱ ከተተ። ኖርማንን ዞር ብሎም አላየውም። ወደ እኔ መጣ።

«ኖርማንስ ማሳውን ፈልጎ ነው» አለኝ። «አንቺ ምን አድርጌሽ ነው?»

ነጥብ መመዝገቢያዬ ላይ አቀረቀርኩ። እሱ መልስ የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር፤ ቀና ስል መኪናው ጋ ደርሷል።